«የላፕቶፓችሁን ባዮስ አትንኩ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በተማሪዎችና በኮምፒውተር ጠጋኞች ስልክ ላይ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። «የላፕቶፓችሁን ባዮስ አትንኩ» ይላል። ላላነበባችሁት ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው፦ ያገለገለ ክሮምቡክ (በጎግል ክሮም ኦኤስ የሚሠራ ላፕቶፕ) ገዝቶ ክፍት ኮድ ፈርምዌር፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ይፋ የሆነ ባዮስ፣ የሚጭን ሰው ገንዘቡን እየጣለ ነው። የፋብሪካው ፈርምዌር ከማንም ይሻላል። ማሽኑ በመሃል ከሞተ አይነሳም። መብራት በሚጠፋበት፣ ኢንተርኔት በሚቆረጥበት ከተማ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ አይታሰብም። ክፍት ኮድ ለሌባም ክፍት ነው። የሚሠራ ነገር አይነካም፤ ካልሠራም ሌላ ይገዛል።

ጸሐፊው ክፉ አላሰቡም። ተማሪ ያለችውን ጥሪት እንዳያጣ ነው የሰጉት፤ ይህን አከብርላቸዋለሁ። እኔ ግን አራት ኪሎ አካባቢ ላፕቶፕ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ጽሑፉ መዞር ከጀመረ ወዲህ ክሮምቡካቸውን ታቅፈው መጥተው «ይሄ ነገር ሊሞት ነው እንዴ?» የሚሉኝ ልጆች በዝተዋል። ሊጭኑ አስበው የተዉትም አሉ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። አደጋ የለም አልልም። ግን አደጋው ያለው ጸሐፊው ባሉት ቦታ አይደለም። ያለበት ቦታ በስሙ የሚታወቅ ነው፤ ቀድመው ሊዘጋጁለትም ይቻላል።

መጀመሪያ ስለ የትኛው ማሽን እንደምናወራ እንስማማ። ከውጭ፣ በተለይ ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ወጥተው ወደኛ የሚመጡ ትናንሽ ክሮምቡኮች አሉ። ኤሰር ሲ720ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። ስክሪኑ 11.6 ኢንች ነው፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ሴለሮን 2955ዩ። ራሙ ቦርዱ ላይ ስለተበየደ አይቀየርም፤ ስለዚህ ባለ 4 ጊጋባይቱን መፈለግ ነው። ማከማቻው ግን ትንሽ ኤም ነጥብ 2 ካርድ ናት፤ ተነቅላ በትልቅ ትተካለች። ጎግል ለዚህ ማሽን የክሮም ኦኤስ ዝማኔ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ብራውዘሩ እዚያው ላይ ቆሞ ቀርቷል። ድረ ገጾች «ብራውዘርዎ አርጅቷል» እያሉ ይመልሱታል። ሃርድዌሩ ግን ጤነኛ ነው። ሊኑክስ የተባለው ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢጫንበት ተማሪ ይጽፍበታል፣ ኮድ ይሠራበታል። ሊኑክስ በወጉ እንዲቀመጥበት ደግሞ ፈርምዌሩ መለወጥ አለበት። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ፈርምዌር ስል ፓወር ስትጫኑ ከሁሉም ቀድሞ የሚነሳውን ፕሮግራም ማለቴ ነው። ቦርዱ ላይ ባለች ባለ ስምንት እግር ቺፕ ውስጥ ይኖራል። ራሙን ያነቃል፣ ስክሪኑን ያበራል፣ ከዚያ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ይጠራል። ብዙ ሰው «ባዮስ» ሲል ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ጸሐፊው ነጥቦች።

«የፋብሪካው ፈርምዌር ከማንም ይሻላል።»

የዚህ ነጥብ ችግር ጸሐፊው የሚከራከሩለት የፋብሪካው ፈርምዌር ራሱ ክፍት ኮድ መሆኑ ነው። ኮርቡት ይባላል። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1999 ሮን ሚኒች በአሜሪካው ሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሲጀምሩት ስሙ ሊኑክስባዮስ ነበር፤ በ2008 ኮርቡት ተባለ። ጎግል ክሮምቡክ ሲሠራ የመረጠው ይህንኑ ነው። ሲ720ን ስታበሩት መጀመሪያ የሚነሳው ኮርቡት ነው። ልጆቹ የሚጭኑት፣ ሚስተር ክሮምቦክስ በሚል ስም የሚታወቅ ሰው የሚያዘጋጀው ፈርምዌርም ኮርቡት ነው። ልዩነቱ ከኮርቡት ቀጥሎ ያለው ክፍል ላይ ነው። የፋብሪካው ክሮም ኦኤስን ፈልጎ እንዲያስነሳ ነው የተሠራው። አዲሱ ደግሞ ኢዲኬ2 የተባለውን የዩኢኤፍአይ ክፍል ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ማሽኑ እንደማንኛውም ላፕቶፕ ከፍላሽ ዲስክም ከውስጥ ዲስኩም ይነሳል።

የፋብሪካው ኮድ ማሽኑ ድጋፍ ሲያጣ አብሮ የቆመ ነው። ሚስተር ክሮምቦክስ ግን ለእነዚህ አሮጌ ቦርዶች ጭምር አዳዲስ እትም ሲያወጣ ቆይቷል። ጎግል የተወው ማሽን ላይ ዛሬም የሚሠራ ሰው አለ ማለት ነው። ይህን አይቶ «የማይታወቅ ነገር» ማለት ይከብዳል።

ጸሐፊው ባያነሱትም አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ፈርምዌር መቶ በመቶ ክፍት አይደለም። ራሙን የሚያነቃው ቁራጭና ማኔጅመንት ኢንጅን የሚባለው ክፍል በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ከኢንቴል ተዘግተው ነው የሚመጡት። «ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው» ብሎ የሚያወራላችሁ ካለ አትመኑት። ግን እነዚያ ዝግ ክፍሎች በፋብሪካውም ውስጥ አሉ። የፋብሪካውን በመተው የሚጨመር ዝግ ነገር የለም።

«አንዴ ከሞተ አይነሳም።»

ልጆቹን ያስደነገጣቸው ይህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ፈርምዌር ሲጻፍ የሚነካው ያቺ ባለ ስምንት እግር ቺፕ ብቻ ናት። ፕሮሰሰሩ አይነካም፣ ዲስኩም አይነካም። ቺፗ ውስጥ ያለው ከተበላሸ ማሽኑ መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል። «ዴድ ሆነ» የምንለው ይሄን ነው። ቺፗ ግን አልተቃጠለችም። የተበላሸው የተጻፈባት ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ እንደገና ይጻፋል።

እንዴት? ሲኤች341ኤ የምትባል ትንሽ ርካሽ ፕሮግራመር አለች። የዲሽ ሪሲቨርና የቴሌቪዥን ጠጋኞች ጋ አትጠፋም። ፒያሳ የነበሩት ከፈረሳው በኋላ በየሰፈሩ ተበትነዋል እንጂ ሥራውን አልተዉትም። ከፕሮግራመሯ ጋር ቺፕ የሚነክስ ክሊፕ አለ። የላፕቶፑ የታች ሽፋን ይከፈታል። ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ባትሪውም ይነቀላል፤ ይሄ ግዴታ ነው። ቺፗ ጥግ ላይ ትንሽ ነጥብ አለች፤ አንደኛውን እግር ታሳያለች። የክሊፑ ቀይ ሽቦ በዚያ በኩል ይውላል። ፕሮግራመሯ ሊኑክስ ባለው ሌላ ላፕቶፕ ላይ ትሰካና ፍላሽሮም በሚባለው ፕሮግራም ቺፗ ትነበባለች። አንዴ አይበቃም፤ ሁለቴ ትነበባለች። የሁለቱ ፋይሎች ቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ መለያ ቁጥር) አንድ ከሆነ ክሊፑ በደንብ ነክሷል። ከተለያየ ክሊፑን አስተካክሎ እንደገና ማንበብ ነው። ንባቡ ሳይገጥም አንድም ነገር አይጻፍም። ሲገጥም ቀድሞ የተቀመጠው ቅጂ ይጻፋል፤ ባትሪው ይመለሳል፤ ማሽኑ ይነሳል።

እዚህ ላይ እውነተኛ ወጥመድ አለ፤ የቮልቴጅ ነገር። አንዳንዱ ቺፕ በ3.3 ቮልት ይሠራል፣ አንዳንዱ በ1.8። የዊንቦንድ ቺፕ ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን በማጉያ መነጽር እዩት። 25ኪው64 ካለ በኋላ «ኤፍቪ» ከመጣ 3.3 ነው። «ኤፍደብሊው» ከመጣ 1.8 ነው። የአንድ ፊደል ልዩነት ናት። ባለ 1.8ቱን ያለ አዳፕተር ከፕሮግራመሯ ጋር ያገናኘ ሰው ቺፗን በእርግጥ ሊያቃጥላት ይችላል። ጥቁሯ ሲኤች341ኤ ደግሞ በዳታ መስመሮቿ 5 ቮልት መልቀቋ የታወቀ ጉድለት ነው። ጸሐፊው ሊያስጠነቅቁን ይገባ የነበረው ይህን ነበር። ያም ሆኖ የሚቃጠለው ብዙውን ጊዜ ቺፗ ናት። ሙቅ አየር ያለው ጥሩ የስልክ ጠጋኝ ነቅሎ በሌላ ይተካታል።

ሁሉም ነገር የሚቆመው ቅጂው ላይ ነው። የራሳችሁ ማሽን፣ የራሱ የፋብሪካ ፈርምዌር ቅጂ። የሚስተር ክሮምቦክስ ስክሪፕት (ፈርምዌሩን የሚጭነው ትንሽ ፕሮግራም) የፋብሪካውን ከመቀየሩ በፊት «ቅጂ ላስቀምጥ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፍላሽ ዲስክ ላይ ያስቀምጥላችኋል። ልጆች ለመጨረስ ስለሚቸኩሉ «አይ» ብለው ያልፉታል። እባካችሁ አትለፉት። በሲ720 ላይ ያ ፋይል 8 ሜጋባይት ብቻ ነው። ውስጡ የማሽናችሁ ሲሪያል ቁጥርና የሃርድዌር መለያ አለ። ስለዚህ የጓደኛችሁ ፋይል፣ ያውም ያው ሞዴል ቢሆን፣ የእናንተን አይተካም። ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት። ቴሌግራም ላይም ለራሳችሁ ላኩት። ለእናታችሁም ቢሆን ላኩላቸውና «እማዬ ይቺን እንዳታጠፊ» በሏቸው። ቅጂ ያለው ሰው ማሽን ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ቅጂ ሳይኖራቸው የሚመጡ ልጆች ናቸው የሚያሳዝኑኝ፤ ለእነሱ ማሽኑን ማስነሳት ቢቻልም ወደ ፋብሪካው ሁኔታ በትክክል መመለስ ሌላ ጣጣ ነው።

«መብራት በሚጠፋበት አገር አይሆንም።»

ይህ ሰው ልብ ውስጥ ቶሎ ይገባል፤ መብራት ምን እንደሚያደርገን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ላፕቶፕ እኮ ባትሪ አለው! ሲ720 እና መሰሎቹ ላይ ፈርምዌሩ እንዳይለወጥ የሚጠብቀው ቦርዱ ላይ ያለ አንድ ብሎን ነው። ብሎኑ ይወጣል፤ ባትሪው እንደተሰካ ይቆያል። ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ ከሆነ፣ መብራት ቢሄድ ማሽኑ ሥራውን ይቀጥላል። መጻፉ ራሱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ባትሪው ደክሞ ቻርጀር ሲነቀል ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ግን በእሱ አትመኑ። ዩፒኤስ ባለበት ቦታ ሥሩት ወይም ባትሪውን መጀመሪያ ቀይሩ።

ጸሐፊው ልክ የሚሆኑት በአዳዲሶቹ ላይ ነው፤ እሱንም ለይተው አልጻፉትም። ከ2018 ገደማ ወዲህ በወጡት በብዙዎቹ ላይ የጥበቃ ብሎን የለም። ሲአር50 የሚባል የጎግል የጥበቃ ቺፕ አላቸው። ባትሪው ከተሰካ ጥበቃው ይሠራል፤ ባትሪው ሲነቀል ጥበቃው ይነሳል። ስለዚህ ማሽኑ ባትሪው ተነቅሎ በቻርጀር ብቻ ነው የሚነሳው። በዚያች ሰዓት፣ መጻፉ ግማሽ ላይ ሳለ መብራት ቢሄድ፣ ፕሮግራመር ፍለጋ መሄድ ነው።

መላ ግን አለው። ቀላሉ ቻርጀሩን ዩፒኤስ ላይ መሰካት ነው። ለላፕቶፕ ቻርጀር ትንሹ የቢሮ ዩፒኤስ ይበቃል፤ ግን ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ በየቢሮው ሞልቷልና ከግድግዳው ነቅላችሁ ሞክሩት፣ ከዚያ ጀምሩ። ሌላው መንገድ ነገሩን ለሁለት መክፈል ነው። ጥበቃው ሁለት እርከን አለው። የሃርድዌሩ ጥበቃ የሚቆልፈው የሶፍትዌሩን ጥበቃ ሴቲንግ ነው። ስለዚህ ባትሪው እንደተነቀለ ያንን ሴቲንግ ብቻ ታጠፋላችሁ፤ ይህ ቅጽበት ነው የሚወስደው። ማሽኑን ትዘጋላችሁ። ባትሪውን መልሳችሁ ትሰካላችሁ። ሴቲንጉ አንዴ ከጠፋ ባትሪው ስለተመለሰ ብቻ ራሱን መልሶ አይቆልፍም። ከዚያ በሙሉ ባትሪ ተረጋግታችሁ ትጽፋላችሁ።

ኢንተርኔት ይቆረጣል ላሉት ብዙ አልልም። ስክሪፕቱ ፋይሉን አውርዶ፣ ቼክሰሙን አረጋግጦ ነው ቺፗን የሚነካው። መስመሩ በመሃል ቢቆረጥ ሥራው አይጀመርም እንጂ ማሽኑ አይሞትም። ፋይሉም ትንሽ ስለሆነ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብላችሁ ወይም በስልካችሁ ሆትስፖት ይወርዳል።

«ክፍት ኮድ ለሌባም ክፍት ነው።»

ይህ ክርክር ከድሮ ጀምሮ ያለ ነው። እስቲ በቅርቡ የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ባይናርሊ የተባለ የደህንነት ኩባንያ ሎጎፌይል የተባሉትን ቀዳዳዎች ይፋ አደረገ። ማሽን ሲነሳ የሚታየውን የኩባንያ አርማ የሚያነበው ኮድ ነበር ችግሩ። የተገኘው በኤኤምአይ፣ በኢንሳይድና በፊኒክስ ፈርምዌሮች ውስጥ ነው፤ ሦስቱም ዝግ ሆነው የሚሸጡ፣ በአብዛኛው የዓለም ላፕቶፕ ላይ ያሉ ናቸው። ዝግ መሆናቸው ቀዳዳውን አላስቀረውም። ያደረገው ነገር ቢኖር ለማየት አስቸጋሪ ማድረግ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ደግሞ በጃንዋሪ 2024 ፒክሲፌይል የተባሉ 9 ቀዳዳዎች ይፋ ሆኑ። እነዚህ የተገኙት ክፍት በሆነው በኢዲኬ2 የኔትዎርክ ክፍል ውስጥ ነው። ማለትም ልጆቹ ከሚጭኑት ጋር ዘመድ የሆነ ኮድ ነው። ይህን አልደብቅም። ክፍት ኮድ ማለት ቀዳዳ የሌለው ማለት አይደለም። ግን ሲገኝ ማስተካከያው በሰው ሁሉ ፊት ይጻፋል፤ አዲስ እትም ሲወጣ እኛም አራት ኪሎ ሆነን እንወስደዋለን። አንድ ኩባንያ የአሥር ዓመት ዕድሜ ላለው ርካሽ ላፕቶፕ የፈርምዌር ማስተካከያ እስኪልክ መጠበቅ ግን ከንቱ ድካም ነው።

«ብሎኑን ማውጣት ጥበቃውን ማጥፋት ነው።»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ክሮምቡክ ሲነሳ ፈርምዌሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በጎግል የተፈረመ መሆኑን ያረጋግጣል። ጥሩ ጥበቃ ነው። ፈርምዌሩን ሙሉ በሙሉ ስትቀይሩ ያ ጥበቃ ይቀራል። ብሎኑን መልሶ ማሰር ብቻውንም አይመልሰውም። ላፕቶፑ ቢሰረቅባችሁ ወይም ሰው በጓሮ ቢከፍተው የሚጠብቃችሁ የዲስክ ምስጠራ ነው። ስለዚህ ሊኑክስ ስትጭኑ «ዲስኩን አመስጥር» የሚለውን ምረጡ። የሚጭንላችሁ ጠጋኝ ከሆነም ጠይቁት፤ ብዙዎቻችን ሥራው ስለሚያዘገይ እንዘለዋለን።

ግማሹ ስህተት ግን ይሄ ነው። ጸሐፊው ብሎኑን ማውጣት እንደ መስበር አድርገው ነው የሳሉት። ብሎኗን በዓይናችሁ ብታዩዋት እንደዚያ አትሉም ነበር። ሽፋኑ ሲነሳ ቦርዱ ላይ ካሉት ብሎኖች መካከል አንዷ የምታርፍበት የመዳብ ቀለበት ሙሉ አይደለም፤ የተከፈለ ነው። ብሎኗ ስትታሰር የተከፈለውን ታገናኛለች፤ ያኔ ጥበቃው ይበራል። በካቻቢቴ ስትወጣ ይጠፋል። የሚሰበር ነገር የለም፣ የሚቆረጥ ሽቦ የለም። ጎግል ሆን ብሎ ነው እንዲህ ያደረገው። ከሩቅ የመጣ ሌባ ፈርምዌሩን መቀየር አይችልም፤ ማሽኑን በእጁ የያዘ ባለቤት ግን ከፈለገ ይቀይራል። ዲቨሎፐር ሞድ የሚባለውም፣ ባለቤቱ በጎግል ያልተፈረመ ሲስተም እንዲያስነሳ የሚፈቅደው ሁኔታ፣ ከፋብሪካው አብሮት የመጣ ነው። ኤስክ፣ ሪፍሬሽና ፓወርን አንድ ላይ ተጭኖ፣ ከዚያ ኮንትሮልና ዲ ነው። ይህን ስታደርጉ ማሽኑ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ቀድማችሁ አውጡት።

«የሚሠራን ነገር አትነካካ።»

ሰው ሁሉ የሚስማማበት አባባል ስለሆነ ጸሐፊው ብዙም አላብራሩትም። ጥያቄው ግን «ይሠራል» የሚባለው የቱ ነው? የሚለው ነው። ፈርምዌሩን ላለመንካት ብለው ብዙ ልጆች በመካከለኛው መንገድ ይሄዳሉ። ማሽኑን ዲቨሎፐር ሞድ ላይ ትተው ሊኑክሱን ከክሮም ኦኤስ ጎን ያስቀምጣሉ። ብሎን መንካት የለም፤ አደጋ የለውም ይባላል።

አምስት ኪሎ የምትማር አንዲት ልጅ እንዲህ አድርጋ ነበር የምትሠራው። ዲቨሎፐር ሞድ ላይ ያለ ክሮምቡክ በተነሳ ቁጥር ነጭ ስክሪን ያወጣል። ማረጋገጫው ጠፍቷል ይላል፤ መልሶ ለማብራት ስፔስ ተጫኑ ይላል። ሠላሳ ሰከንድ ገደማ ጠብቆ ጢጥ ጢጥ ብሎ ያልፋል። የሚያውቅ ሰው ኮንትሮልና ዲ ተጭኖ ቶሎ ያልፈዋል። ታናሽ ወንድሟ ከትምህርት ቤት መጥቶ ፊልም ሊያይ ከፈተው። ስክሪኑ ስፔስ ተጫን አለው፤ ተጫነ። ቀጥሎ ኢንተር አለው፤ ተጫነ። ማሽኑ እንደተነገረው ራሱን አጸዳ። የመመረቂያ ሥራዋ የነበረበት ሊኑክስ አብሮ ሄደ። ልጁ ምን አጠፋ? ማሽኑ ተጫን ያለውን ነው የተጫነው። የምታለቅሰውን ልጅ ምን ብዬ እንደማጽናናት ጠፍቶኝ ነበር።

ሙሉው ፈርምዌር ሲጫን ያ ስክሪን የለም። ማሽኑ ሲበራ በቀጥታ ሊኑክሱ ይነሳል። ስለዚህ «አትነካካ» የሚለው ምክር ለእሷ ያተረፈላት ነገር አልነበረም። በእርግጥ ክሮምቡኩ ገና ዝማኔ የሚያገኝ ከሆነና የሚፈልገው ብራውዘር ብቻ ከሆነ አይንካው፤ እኔም እንዲያ ብዬ ነው የምመልሰው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2023 የድጋፍ ጊዜውን ወደ 10 ዓመት አሳድጓል፤ ከ2021 ወዲህ የወጡት ገና ብዙ ዕድሜ አላቸው። የምከራከረው ጊዜያቸው ላለፈባቸው ነው።

ማደሱም እንደ መጀመሪያው ከባድ አይደለም። ሽፋን መክፈት አንዴ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ እትም ሲወጣ ስክሪፕቱን ከሊኑክሱ ውስጥ ማስነሳት ይበቃል። አንዳንድ አዳዲስ ከርነሎች (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ክፍል) ፍላሽሮም ቺፗን እንዳይነካ ይከለክላሉ፤ ያኔ በማስነሻው መስመር ላይ አንዲት የፈቃድ ቃል ተጨምራ እንደገና ይነሳል። ካደሱ በኋላ የሚቀረው የሊኑክሱ ጣጣ ነው። ሲ720 ላይ ድምፁም ዋይፋዩም ይሠራል። አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ድምፅ እምቢ ሊል ስለሚችል ከመጫናችሁ በፊት የእናንተ ሞዴል እንዴት እንደሆነ አጣሩ። አማርኛ መጻፊያው አይበስ በሚባለው የሊኑክስ መጻፊያ ፕሮግራም ላይ አለ፤ ፊደሉም በደንብ ይታያል።

«ካልሠራ ሌላ ግዙ» የሚለውን አልፈዋለሁ። መግዛት የሚችል ሰው መጀመሪያም ያገለገለ ክሮምቡክ አይገዛም ነበር።

ይልቅ ጸሐፊው ሳያነሱት የቀረ፣ ገንዘብ በእርግጥ የሚበላ ነገር አለ። እሱም ግዢው ላይ ነው። ዋጋው ረከሰ ብሎ ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ የሚገዛ ብዙ ነው። የሚስተር ክሮምቦክስ ፈርምዌር የሚሠራው ኢንቴልና ኤኤምዲ ፕሮሰሰር ባላቸው ላይ ነው። ሚዲያቴክ ካለው ጨርሶ አይሆንም። መልካቸው ደግሞ ያሳስታል። ሌኖቮ 100ኢ ሁለተኛው ትውልድ ኢንቴልም አለው፣ ኤኤምዲም አለው፣ ሚዲያቴክም አለው። ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም አይታችሁ አትክፈሉ፤ አብሩትና ፕሮሰሰሩን እዩ። ሌላው ከትምህርት ቤት አስተዳደር ያልተለቀቀ ማሽን ነው። ስታበሩት «ይህ መሣሪያ የሚተዳደረው በእገሌ ተቋም ነው» የሚል ጽሑፍ ካሳየ ወደ ዲቨሎፐር ሞድ አይገባላችሁም። የማን እንደነበረና እንዴት እንደወጣም አይታወቅም። ሻጩ «ይስተካከላል» ቢላችሁ አስተካክሎ ያሳያችሁ፤ ካልሆነ ጥላችሁት ሂዱ።

በመጨረሻ አንድ ልመና ለጸሐፊው። «ነክታችሁት ከሆነ» በሚለው የጽሑፍዎ መጨረሻ ክፍል ላይ ሁለት ምክሮች አሉ። እነሱ ቢታረሙልኝ። አንደኛው «ስክሪኑ ከጨለመ ቶሎ ብላችሁ ባትሪና ቻርጀር ንቀሉ» ይላል። አዲስ ፈርምዌር ከተጻፈ በኋላ ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ራሙን አዲስ ስለሚለማመድ ስክሪኑ ግማሽ ደቂቃ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጨልሞ ሊቆይ ይችላል። ይህ ጤነኛ ነው። ገና መጻፉ ሳያልቅ በድንጋጤ የነቀለ ሰው ደግሞ ጤነኛውን ማሽን በገዛ እጁ ገደለው ማለት ነው። ትክክለኛው ምክር ተነሥቶ ሻይ ጠጥቶ መመለስ ነው። ሁለተኛው «የሞዴላችሁን የባዮስ ፋይል ከቴሌግራም ቻናል አውርዳችሁ መልሱ» ይላል። እዚያ የሚገኘው ከሌላ ሰው ማሽን የተቀዳ ነው። የሌላ ሰው ሲሪያል ቁጥር አለው፤ የቦርዱ ዓይነት ከተለያየም ማሽኑ ጭራሽ አይነሳም። ማን እንደነካካውም አይታወቅም። በቦታው «የራሳችሁን ቅጂ ቀድማችሁ አስቀምጡ» የሚል ይግባልን። ሌላው ሐሳብዎ እንዳለ ቢቆይ ግድ የለኝም፤ እንከራከርበታለን። እነዚህን ሁለት መስመሮች ግን አምኖዎት ዛሬ ማታ ካቻቢቴ የሚያነሳ ልጅ ሊኖር ይችላልና ሳይውሉ ሳያድሩ ያርሙልን።